ለ“ሰቃዩ” ሕፃን ምን ይሰጠው? ማበልጸግና ማጣደፍ በባሕር ዳር የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች

የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የወላጅ እንቅልፍ ቀንሷል። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። በ2016 ወደ 5.4 በመቶ ከፍ አለ ተብሎ ሲነገር እንኳ ከመቶ ዘጠና አራቱ ወድቀው ነው። ድንጋጤው ከላይ ወደ ታች ወርዶ 3ኛና 4ኛ ክፍል ደርሷል። ባሕር ዳር ውስጥ ልጁ 1ኛ የወጣለት ወላጅ ካርዱን ይዞ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሲገባ ጥያቄው ያው ነው፦ “ይኼ ልጅ ጎበዝ ነው፤ ምን እናድርግለት?”

የሚያገኘው መልስ ብዙ ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። ቅዳሜ ማጠናከሪያ ይግባ፤ የሚቀጥለውን ዓመት መጽሐፍ ከአሁኑ ይጀምር፤ ወይም ደረጃ የወጡት ልጆች ብቻ የተሰበሰቡበት “ልዩ ክፍል” ይዛወር። ማጠናከሪያ የተሠራው ወደ ኋላ ለቀረ ልጅ ነው። የገባውን ትምህርት በሃያ ተጨማሪ ጥያቄ ያከረሙበት ልጅ የሚማረው ነገር ቢኖር ቶሎ መጨረስ ሥራ እንደሚያበዛ ነው፤ እሱም በሁለት ወር ውስጥ እጁን መጎተት ይጀምራል። የሚቀጥለው ዓመት መጽሐፍ መሰልቸቱን ለሚቀጥለው ዓመት ያሳድረዋል እንጂ አያስቀረውም። ልዩ ክፍሉም ቢሆን ውስጡ ያው ሰሌዳ፣ ያው ማስገልበጥ ከሆነ የተለወጠው የተማሪዎቹ ስም ዝርዝር ብቻ ነው።

ማበልጸግ ሌላ ነገር ነው። ልጁ መሣሪያው በእጁ ያለ፣ መንገዱን ግን ማንም ያላሳየው ጥያቄ ይሰጠዋል፤ ከዚያ ጋር ታግሎ የራሱን ሥራ ይዞ ይወጣል። አሜሪካዊው የትምህርት ተመራማሪ ጆሴፍ ሬንዙሊ በ1977 እ.ኤ.አ. ነገሩን በሦስት ደረጃ ከፍሎታል፤ መጀመሪያ ልጆችን ከብዙ ርዕስ ጋር ማስተዋወቅ፣ ቀጥሎ የማሰብና የመመርመር ዘዴ ማለማመድ፣ በመጨረሻ እውነተኛ ችግር ይዞ ማስመርመር። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለክፍሉ ልጅ ሁሉ ይጠቅማሉ። ሦስተኛው ነው ጥቂቶቹን የሚለየው።

ይህ በወረቀት ላይ ሲነበብ ውድ ዕቃ የሚጠይቅ ይመስላል። ለ5ኛና ለ6ኛ ክፍል አራት ሳምንት የሚበቃ አንድ ርዕስ እንይ፤ መነሻው የግድግዳ ካላንደር ነው።

ጥያቄው “የዘንድሮ መስከረም 1 ምን ቀን እንደሚውል ካላንደር ሳታዩ እንዴት ታውቃላችሁ?” የሚል ይሁን። ልጆቹ የአምስት ስድስት ዓመት ካላንደር ይዘው መስከረም 1 የዋለበትን ቀን በሰንጠረዥ ያስፍሩ። በየዓመቱ በአንድ ቀን ይገፋል፤ በየአራት ዓመቱ ግን አንድ ይዘላል። ለምን? ጳጉሜን 6 የሆነችበትን ዓመት ፈልገው ሲያገኙ ነገሩ ይፈታል። ይህን ካገኙ በኋላ የአባቶችን ስሌት፣ ቤተ ክርስቲያን በዓላትን የምታወጣበትን ባሕረ ሐሳብ፣ ማሳየት ይቻላል፤ ቀድሞ ማሳየት ግን ትምህርቱን ይገድለዋል። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ 5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምር፤ ለ2018 ዓ.ም. 7518 ይሆናል። 7518ን ለ4 አካፍለህ ቀሪውን ተው፤ 1879። ሁለቱን ደምር፤ 9397። ለ7 ሲካፈል 3 ይቀራል። ቀሪ 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ እያለ ይሄዳል፤ ምንም ካልቀረ ሰኞ። የ2018 መስከረም 1 ሐሙስ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ማንኛውም ጎበዝ ልጅ በቃሉ ሊይዘው ይችላል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ማቆም ሽምደዳ ነው። ቁም ነገሩ የሚመጣው ቀጥሎ ነው። 7518ን ለ19 አካፍሉ፤ 13 ይቀራል፤ ከቀሪው 1 ቀንሱ፤ 12። ይህ ወንበር ይባላል። ወንበሩን በ11 አባዝታችሁ 30 30ውን ስታወጡ የሚቀረው አበቅቴ ነው፣ የፀሐይ ዓመት ከጨረቃ ዓመት የሚበልጥበት ቀን ድምር፤ 132፣ ስለዚህ 12። በ19 አባዝታችሁ 30 30ውን ስታወጡ ደግሞ መጥቅዕ፤ 228፣ ስለዚህ 18። አሁን መምህሩ አንድ ነገር ብቻ ይበል፦ “የሦስት ዓመት አበቅቴና መጥቅዕ አውጡና ደምሩ።” ሁሌም 30 ይመጣል። ለምን ሁሌም?

አንዳንዱ ሃያ ዓመት እየሠራ “ሁሌም እንደዚያ ነው” ይላል፤ ያ ማስረጃ አይደለም፣ ግን ጥሩ መነሻ ነው። አንዱ 11ና 19 ተደምረው 30 መሆናቸውን ያያል። ከዚያ ወዲያ ወንበሩ ስንትም ይሁን ጠቅላላው ወንበር ጊዜ 30 ስለሆነ 30 30ው ሲወጣ ምን እንደሚተርፍ የሚያስረዳ ልጅ ከመጣ፣ አልጀብራ የሚለውን ቃል ሳይሰማ አልጀብራ ሠርቷል። ወንበሩ ዜሮ ሲሆንስ? አበቅቴው ዜሮ፣ መጥቅዑ 30 ይባላል። ይህንን ልዩ ሁኔታ ማንም ሳይነግረው ጠይቆ የመጣ ልጅ በካርዱ ላይ ያለው ደረጃ 17ኛ ቢሆንም እንኳ ስሙ መመዝገብ አለበት።

በመንግሥት ትምህርት ቤት ሃይማኖት አይሰበክም፤ ስለዚህ ርዕሱ ቁጥርና ጨረቃ ሆኖ ይያዝ። ይህ ደግሞ ነገሩን ያሰፋዋል። ሙስሊም ተማሪዎች ረመዳን በየዓመቱ ምን ያህል ቀን እንደሚቀድም ከቤት ጠይቀው ይምጡ፤ ወደ 11 ቀን ገደማ ነው። አበቅቴውስ በየዓመቱ በስንት ይጨምራል? በ11። የጨረቃ ዓመት 354፣ የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ነው። ሁለቱ ቤት የሚቆጥሩት አንዲት ጨረቃ መሆኗን ልጆቹ ራሳቸው ሲደርሱበት ክፍሉ ውስጥ የሚነሣው ጫጫታ ርዕሰ መምህሩን ከቢሮው ያስወጣዋል፤ መምህሩ ያኔ ይቅርታ ሊጠይቅ አይገባም።

ወደ አመራረጡ እንምጣ፤ ብዙው መርሃ ግብር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። ሮስተር አውጥቶ ከ1ኛ እስከ 10ኛ መጥራት ቀላል ነው፤ ጠብም የለውም። ችግሩ ደረጃ ብዙ ነገር በአንድ ላይ መለካቱ ነው፦ የደብተር ንጽሕና፣ የመምህር ወዳጅነት፣ የቤት ውስጥ መብራት፣ ማስጠኚያ የመክፈል አቅም፣ ዕድሜ። በአንድ 4ኛ ክፍል ውስጥ የዓመት፣ ከገጠር ቀበሌ የመጡ ካሉበት የሁለት ሦስት ዓመት የዕድሜ ልዩነት ይገኛል፤ ትልቁ ልጅ ጎበዝ የሚባለው አንዳንዴ ትልቅ ስለሆነ ብቻ ነው። በዚያ ላይ የክፍል ፈተና ጣሪያው ዝቅተኛ ነው። ስድስት ልጆች 98 እና 100 ካመጡ ፈተናው ከዚያ በላይ ማን ምን ያህል እንደሚሄድ አይናገርም። በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ጁሊያን ስታንሊ ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የያዘው መፍትሔ ከክፍላቸው በላይ ላሉ ተማሪዎች በተዘጋጀ ፈተና መፈተን ነበር፤ 100 ያመጡት ስድስቱ ያኔ ይለያያሉ።

በመምህር ጥቆማ ብቻ፣ ወይም በአንድ ፈተና ብቻ መሄድም አያዛልቅም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሉዊስ ተርማን በ1921 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ባለ ልዩ ተሰጥኦ ልጆችን ሲመርጥ ተፈትነው ሳያልፉ ከቀሩት መካከል ዊሊያም ሾክሊና ሉዊስ አልቫሬዝ ነበሩ፤ ሁለቱም በኋላ በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ወሰዱ። ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ ትልቅ የትምህርት ዲስትሪክት ጥቆማን ትቶ ሁሉንም ልጅ ማጣራት ሲጀምር ቀድሞ የማይጠቆሙ የድሃና የስደተኛ ቤተሰብ ልጆች በብዛት ተገኝተዋል።

ለእኛ ይህ ነጥብ ዛሬ ይበልጥ ይከብዳል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ክልሉ ውስጥ ባለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ዓመት ሁለት ዓመት ከትምህርት የተለየ፣ ካርዱን ሳይዝ ወደ ከተማ የገባ፣ ከዕድሜው በታች የተመደበ ልጅ ሮስተሩ ላይ መካከለኛ ሆኖ ይታያል። ከሐይቁ ዳር ቀበሌዎች የሚመጣውና ጠዋት አባቱን ዓሣ በማራገፍ አግዞ የሚያረፍደው ልጅ ደግሞ “ቀሪ ያበዛል” ተብሎ ይታለፋል።

እንግዲህ ሊሠራ የሚችለው ይህ ነው። በ4ኛና በ5ኛ ክፍል 240 ልጅ ያለው ትምህርት ቤት ሁሉንም በአንድ ቀን፣ 40 ደቂቃ፣ አሥር ጥያቄ ይፈትን። ጥያቄዎቹን መምህሩ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ማንበብ የዘገየ ልጅ በማንበቡ እንዳይወድቅ። ግማሾቹ ቃል የሌላቸው፣ ቅርጽና ተከታታይነት የሚጠይቁ ይሁኑ። አንዱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ “ወደ ዘጌ የሚሻገሩ 50 ሰዎች አሉ፤ ጀልባው አንድ ጊዜ 12 ሰው ይይዛል። ስንት ጊዜ ይሄዳል?” 50ን ለ12 አካፍሎ “4፣ ቀሪ 2” ብሎ የጻፈ ልጅ የማካፈል ሕግ ያውቃል። 5 ያለው ሁለቱን ሰዎች ወደብ ላይ አልተዋቸውም። “መመለሻው ይቆጠራል ወይ?” ብሎ እጁን ያወጣው ግን፣ መልሱን ሳይጽፍ ደወል ቢደወልበትም፣ የሚፈለገው ልጅ ነው። ስለዚህ ፈታኙ ነጥብ ብቻ ሳይሆን የተጠየቀ ጥያቄም በስም ይያዝ።

ከዚያ ከ15 እስከ 20 በመቶው ይለይ፤ ከ240ው ከ36 እስከ 48 ልጅ ማለት ነው። ወሰኑን አምስት በመቶ ላይ ማጥበብ ፈተናው የማይችለውን ትክክለኛነት መጠየቅ ይሆናል። ልጆቹ በሃያ በሃያ ተከፍለው ሁለት ሳምንት ይሥሩ፤ እውነተኛው ምርጫ ያኔ ይጀምራል። ሬንዙሊ በ1978 እ.ኤ.አ. እንዳለው ከአማካይ በላይ ችሎታ ብቻውን አይበቃም፤ ፈጠራና ለያዙት ሥራ መትጋት አብረው ይቆጠራሉ፤ እነዚህን ደግሞ የ40 ደቂቃ ወረቀት አያሳይም። በየሴሚስተሩ መግቢያና መውጫ ክፍት ይሁን። አንዴ የገባ ልጅ እስከ 6ኛ ክፍል የሚቀመጥበት ከሆነ ወንበሩ ማዕረግ ይሆናል፤ የወጣውም ቤቱ “ተባረርኩ” ብሎ ይገባል። ለወላጅ በመጀመሪያው ቀን “ይህ የአንድ ሴሚስተር ምድብ ነው” ተብሎ ቢነገር ግማሹ ጭቅጭቅ ይቀራል።

ሰዓቱን ከየት እናምጣ? በፈረቃ ለሚያስተምር ትምህርት ቤት ተቃራኒው ፈረቃ አለ፤ በሳምንት 90 ደቂቃ፣ በሴሚስተር አሥር ሳምንት። ከ11 ሰዓት በፊት ማለቅ አለበት፤ ከዚያ ካለፈ መጀመሪያ የሚቀሩት ሴቶቹ ናቸው፤ ቤት ውስጥ ሥራ ይጠብቃቸዋል፣ መንገዱም ይመሻል። ክፍል ለሌለው ሌላ መንገድ አለ፦ መምህሩ የምዕራፉን ማጠቃለያ ፈተና ምዕራፉ ሳይጀመር ይስጥ። 85 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣ ልጅ ከምዕራፉ የልምምድ ጥያቄ ነፃ ይሆናል፤ የሳታቸውን ነጥቦች ብቻ ከክፍሉ ጋር ይማራል፤ በተረፈው ክፍለ ጊዜ ኋላ ወንበር ላይ የማበልጸጊያ ሥራውን ይዞ ይቀመጣል። እዚህ የሚመጣው ስሕተት የታወቀ ነው፤ ነፃ የተለቀቀውን ልጅ ሌሎቹን እንዲያስተምር ማድረግ።

ስለዚህ የ1ለ5 ነገር መነሣቱ አይቀርም። ሰቃዩን ልጅ የአምስት ልጆች አለቃ ማድረግ በ60 ልጅ ክፍል ውስጥ መምህርን ያሳርፋል፤ አንዳንዴም ማስረዳት ለሚያስረዳው ይጠቅማል። ዓመቱን ሙሉ ግን እሱ ራሱ አዲስ ነገር ሳይማር የመምህር ረዳት ሆኖ ካለፈ፣ ትምህርት ቤቱ ያለ ደመወዝ ሠራተኛ ቀጥሯል። በሳምንት ከአንድ ክፍለ ጊዜ ባይበልጥ ይሻላል።

“ደብል ይምታ” የሚሉም አሉ። አንድ ክፍል ማዘለል፣ የማጣደፍ አንዱ መልክ፣ ለጥቂት ልጆች ትክክል ነው፤ የሚቀጥለውን ክፍል የዓመት ፈተና አሁኑኑ በ80ዎቹ ለሚያልፍ፣ በቁመትም በጠባይም ከትልልቆቹ ጋር ለሚቀመጥ። ነገሩ ለጎጃም ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ ቅኔ ቤት ውስጥ ተማሪው ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት ያለው መወድስ የሚደርሰው በዕድሜው ሳይሆን በቻለ ጊዜ ነው። አንዱ በወራት፣ ሌላው በዓመታት። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን የተሠራው በዕድሜ ስለሆነ የዘለለው ልጅ ያለፈውን የእንግሊዝኛና የእጅ ጽሑፍ ክፍተት የሚሞላለት ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ካልተመደበ ባይዘል ይሻለዋል።

አንድ ሌላ ሥራ ደግሞ ከግቢ የማያስወጣ፣ ግን ከዓለም ጋር የሚያገናኝ። ባሕር ዳር በሰሜን ኬክሮስ 11.6 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። ልጆቹ መሬት ላይ ቀጥ ያለ የሁለት ሜትር አጣና ይትከሉ፤ ጥላው በጣም የሚያጥርበትን ሰዓት ይያዙ። ሁሉም 6 ሰዓት ይሆናል ብለው ይገምታሉ፤ አይሆንም። ሰዓታችን የተቃኘው ሩቅ ምሥራቅ፣ ዋርዴር አካባቢ በሚያልፈው በ45 ዲግሪ ኬንትሮስ ነው፤ እኛ ያለነው 37.4 ላይ ነው። ፀሐይ አንድ ዲግሪ ለመሄድ 4 ደቂቃ ይፈጅባታል፤ 7.6 ዲግሪ ወደ 30 ደቂቃ ይመጣል። እንደ ወሩ እውነተኛው እኩለ ቀን ከ6:14 እስከ 6:45 ባለው ውስጥ ይወድቃል።

ታኅሣሥ 12 የሁለት ሜትሩ ጥላ በእኩለ ቀን 140 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በዚያው ቀን አዲስ አበባ ያለ ዘመድ በተመሳሳይ ቁመት ቢለካ 127 አካባቢ ያገኛል። ልጆቹ አጣናውንና፣ ከሥሩ በ90 ዲግሪ፣ ሁለቱን ጥላዎች በሲሚንቶ ወለል ላይ በጠመኔ በሙሉ ልኩ ይሣሉ፤ ከአጣናው ጫፍ ወደ ሁለቱ ጥላዎች ጫፍ መስመር ያውጡ፤ ከዚያው ጫፍ በሁለት ሜትር ሲባጎ ቅስት ያዙሩ። በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው የቅስቱ ርዝመት 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ሙሉው ክብ 1257 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 9ኙ 140 ጊዜ ገደማ ይገባበታል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የሰሜን-ደቡብ ርቀት በካርታ 285 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ በ140 ሲባዛ 39,900። የምድር ዙሪያ በምሰሶዎቹ በኩል ወደ 40,000 ኪሎ ሜትር ነው። ሳይንና ኮሳይን አላስፈለገም።

የሚበላሽባቸውም ቦታዎች የታወቁ ናቸው። ፕሮትራክተር የያዘ ቡድን ግማሽ ዲግሪ ይሳሳታል፤ የሚፈለገው ልዩነት ራሱ 2.6 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ መልሱ ተበላሽቶ ይመጣል፤ ቅስቱ የተመረጠው ለዚህ ነው። የጥላው ጫፍ ወደ ሦስት ሴንቲ ሜትር ይደበዝዛል፤ ስለዚህ አጣናው ጫፍ ላይ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ ያለው ካርቶን ይሰቀልና የብርሃኑ ነጠብጣብ መሐል ይለካ። አጣናው አንድ ዲግሪ ቢያዘነብል ጫፉ 3.5 ሴንቲ ሜትር ይሸሻል፤ መለካት ያለበት ከአጣናው ሥር ሳይሆን ከካርቶኑ ቀዳዳ በቱንቢ ከወረደው ነጥብ ነው። ወለሉ በውኃ ልክ ይታይ። ሁሌም የሚገኝ አንድ ቡድን ደግሞ የአውቶቡሱን መንገድ ርቀት፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን ይዞ ምድርን እጥፍ ያደርጋታል። መምህሩ አያርመው፤ “መኪናው ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው?” ብሎ ይለፍ፤ ዓባይ በረሃን ያየ ልጅ ቶሎ ይነቃል።

ከዕቃ ይልቅ የሚከብደው የመምህሩ ዝምታ ነው። ከ90ው ደቂቃ ጥያቄ ለማቅረብ 10፣ ለሥራ 50፣ ለማሳየትና ለመከራከር 20፣ ለደብተር 10 ይበቃል። በሥራው የመጀመሪያ 20 ደቂቃ መልስም ፍንጭም አይሰጥ። ሁሌ 100 የለመደ ልጅ እዚህ ላይ ያለቅሳል፣ ወይም የጎረቤቱን ይኮርጃል፣ ወይም “ይኼ ከመጽሐፉ የለም” ብሎ ይከሳል። ሥራው በትክክል እየሄደ መሆኑ የሚታወቀው በዚህ ነው። ማርክ ግን አይሰጥበት። አንድ ጊዜ ከካርድ ጋር የተያያዘ እንደሆነ ልጁ የሚያውቀውን ጥያቄ ብቻ መምረጥ ይጀምራል፣ ወላጅም ቤት ሠርቶ ይልካል። በምትኩ ደብተሩ ላይ “ዛሬ የተሳሳትኩት” የምትል አንድ መስመር ትኑር።

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የስቴም (የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምህንድስናና የሒሳብ) ማዕከል አለው፤ ልጆቹ ከፍ ሲሉ ይጠቅማቸዋል። ለዚህ ዕድሜ ግን ቤተ ሙከራ መጠበቅ ምክንያት ማብዛት ነው። ሁለተኛውን ሴሚስተር በጥላው ሥራ መክፈት የፈለገ መምህር ቀኑን አስቀድሞ ይያዝ፦ መጋቢት 11 የሁለት ሜትሩ ጥላ ወደ ሰሜን 41 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ከዚያ በየሳምንቱ እያጠረ ሄዶ ሚያዝያ 12 አካባቢ ይጠፋል። ቀኑ ደመና ከሆነ በዋዜማው ወይም በማግስቱም አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ቢገኝ ነው፤ በሳምንቱ ግን ጥላው ወደ ደቡብ ዞሮ ይገኛል። ለምን እንደዞረ አስቀድሞ አይነገራቸው።